ያለ ማጠቢያ ኬሚካል የሚወጣ የሲቲ ፊልም በሙቀት ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ የራዲዮሎጂ ባለሙያ፣ አዳማ

የጨለማ ክፍላችን ከተዘጋ ወዲህ የሲቲ ስካን ምስሎችን የምናወጣው በደረቅ ሌዘር ፕሪንተር ነው። አንድ ታካሚ ለክትትል ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ፊልም መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው በመክረሙ፣ ብርሃን ማሳለፍ የነበረበት ክፍል ሁሉ ጠቋቁሯል። በማጠቢያና በፊክሰር ያወጣናቸው የቀድሞ ፊልሞች ግን እንዲህ ሲሆኑ አላየሁም። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ባለሙያ ይኖራል?

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ምክንያቱ ምስሉ ከወጣ በኋላ ፊልሙ ውስጥ የሚቀረው ነገር ነው። በሽፋኑ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ጥቂት የብር ሃላይድ፣ ብር ቤሄኔት የተባለ የስብ አሲድ ጨው በብዛት፣ እንዲሁም ይህን ጨው ወደ ጥቁር የብር ቅንጣት የሚለውጥ ኬሚካል አብረው ይገኛሉ። የሌዘሩ ጨረር ባረፈበት የብር ሃላይድ ላይ በዓይን የማይታይ የብር ነጥብ ይፈጠራል፤ ፊልሙ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ ሲሊንደር ላይ ለ15 ሰከንድ ያህል ሲያልፍ፣ ያ ነጥብ እንደ እርሾ ሆኖ በአጠገቡ ያለውን ብር ቤሄኔት ያጠቁረዋል። በቀድሞው አሠራር ጨረር ያልነካውን ብር ፊክሰር አጥቦ ያስወግደው ነበር። በደረቁ ፊልም ግን ሁሉም እዚያው ስለሚቀር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲደጋገሙበት ያው ለውጥ ቀስ በቀስ ይቀጥላል።

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደረቅ ፊልም የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሌዘር ሳይኖር የጋለ የማተሚያ ጭንቅላት በቀጥታ የሚያጠቁረው ፊልም ብርሃን ስለማይቀበል በብርሃን ውስጥ ማሽኑ ላይ ይጫናል፤ የእናንተ ግን ብርሃን በማያስገባ ማሸጊያ ካልመጣ ገና ሳይታተም ይበላሻል። የሌዘሩን ዓይነት ስሪኤም (3M) የተባለው ኩባንያ ያስጀመረው ሲሆን፣ የሕክምናው ዘርፍ በ1996 እ.ኤ.አ. ወደ ኢሜሽን፣ በ1998 ወደ ኮዳክ፣ በ2007 ደግሞ ወደ ኬርስትሪም ተላልፏል፤ ስለዚህ አሮጌና አዲስ ካርቶን ላይ የተለያየ ስም ብታዩ አትደናገሩ። ያልታተመውን ፊልም ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አስቀምጡ፤ መስኮት የሌለው መጋዘን ሁሉ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ግን አትገምቱ።

ጠያቂው፦

እናመሰግናለን። የጠቆረውን መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

አይቻልም። ምስሉ በኮምፒውተሩ ወይም በሲዲ ካለ እንደገና ያትሙላቸው፤ በፖስታው ላይም «ከፀሐይና ከሙቀት ይራቅ» ብለው ይጻፉበት።