ወንድሜ በአንጎል ዕጢ ታሟል፤ እኛ የዘረመል ምርመራ ያስፈልገናል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ግሊዮማ የተባለ የአንጎል ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ውጭ አገር ያለው የአጎታችን ልጅ፣ «የሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ልዩነት ለዚህ በሽታ ያጋልጣል፤ ምራቃችሁን ልካችሁ ተመርመሩ» ይለናል። እኔ የጦሳ ጉም ሲወርድ የሚነሣብኝ አስም አለብኝ፤ ወንድሜ ግን አለርጂ የሚባል አያውቅም። ገንዘቡን እናውጣ ወይ?

የቦርከና ልጅ (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ)፦ እህታችን፣ ምሕረቱን ያውርድላችሁ። ልጁ ነገሩን ከሜዳ አላነሣውም። አስም ወይም አለርጂ ያለባቸው ሰዎች በግሊዮማ የሚያዙት ከሌላው ባነሰ መጠን መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ሆኖም ዕጢው ራሱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ አለርጂውን ያጠፋው በሽታው ይሆን የሚል ጥርጣሬ ነበረ። ዘረመል ግን ሰው ስለታመመ አይለወጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ከአስም ጋር የሚያያዙትን የኢንተርሊውኪን 13ንና የኢንተርሊውኪን 4 ተቀባይን ዘረመሎች (ኢንተርሊውኪን የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን ነው) መርምረው፣ ለአስም የሚያጋልጠው ዓይነት ከግሊዮማዎች ሁሉ የከፋውን የግሊዮብላስቶማን ስጋት የሚቀንስ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ግን አንዱ ያጸናውን ሌላው አፍርሶታል።

የባዮሎጂ መምህር (ደሴ)፦ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከ12,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተው ጥናት ከግሊዮማ ጋር የተያያዙትን የዘረመል ስፍራዎች ወደ 25 ያደረሳቸው ሲሆን፣ ጎልተው የወጡት የሕዋስ መከፋፈልንና የክሮሞሶም ጫፍን ርዝመት የሚቆጣጠሩት እንጂ የመከላከያ ዘረመሎች አይደሉም። የተጠኑትም የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸውና፣ ከምራቅ ምርመራ የሚወጣው የስጋት ቁጥር ለወሎ ሰው የተለካ አይደለም። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለወንድምዎ መከታተያ ኤምአርአይ አውለው ነበር።

ጡረተኛ ነርስ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ልጄ፣ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ከቤተሰባችሁ ሌላ ሰው በአንጎል ዕጢ፣ ወይም በለጋ ዕድሜው በጡት ወይም በአጥንት ካንሰር ታሟል? ሰውነቱ ላይ ብዙ የማኪያቶ መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ያሉትስ አለ? ካለ ለሐኪም ንገሩ፤ በዘር የሚተላለፉ ጥቂት ብርቅ ሕመሞች አሉና። ከሌለ፣ ጠበሉም ዱዓውም እንዳለ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ወይም ያልነበረ የሚጥል ሕመም ከታየ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እንዲያ ያለ ሰው በቤታችን የለም። ከእናቴ ሣጥን ያወጣሁት የወንድሜ ዕጢ ናሙና ውጤት ግን ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «አይዲኤች ተለውጧል» ይላል። ይህስ የዘር ማለት አይደለም?

የቦርከና ልጅ፦ አይደለም። አይዲኤች የዘረመል ስም ነው፤ ያ ለውጥ ግን በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ከወላጅ አልመጣም፣ ወደ ልጅም አያልፍም። እንዲያውም ለውጡ ያለባቸው ሕሙማን ከሌላቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ይቆያሉ። ሐኪሙ ሕክምና ሲመርጥ ያየዋልና፣ ቅጂውን ለእርሱ ይስጡና ዋናውን ወደ ሣጥኑ ይመልሱት።