ሐይቅ ላይ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ፣ ውሃውም አረንጓዴ ሆነ፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የደሴው ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ከማኅበር ጓደኞቹ ጋር ዓሣ ያሰግራል። የእሱ ስልክ ለመደወል ብቻ ስለሆነ እኔ ልጠይቅለት። ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ የሐይቁ ዳር ቀለም የተደፋበት መስሏል። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ደግሞ ብዙ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ አገኙ። መረቡን ጠለቅ አድርገው ነበር የጣሉት፤ ሲስቡት የያዘው ሁሉ ሞቷል። መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ መርዝ ተጨምሮበት ነው ይላል፤ ግማሹ የሐይቁ ቁጣ ነው ይላል። ምን ገደለው? የተረፈው ዓሣ ይበላል ወይ? መረቡስ የት ይጣል?

መልስ፦ ባለመቅዘፊያ
መርዝ ነው ወንድሜ፣ አትልፋ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፣ እነሱ ይለቅማሉ። የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። ማን ይሰማል እንጂ።

መልስ፦ ላብራቶሪ ነዋሪ
ቶሎ አንፍረድ። ብርብራ መኖሩ እውነት ነው፤ ይሄ ግን አይመስለኝም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የላዩ ውሃ ፀሐይ ስለሚያገኘው ሞቅ ያለና ቀላል ነው። የታቹ ቀዝቃዛና ከባድ ነው። ሁለቱ ለወራት ሳይደባለቁ ይኖራሉ። የሞተው ነገር ሁሉ ታች ወርዶ ሲበሰብስ እዚያ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ንፋስም ሲጨመርበት የላዩ ውሃ ይከብድና ይሰምጣል፤ ኦክስጅን የሌለው የታቹ ይነሳል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ጠላ አስበው። እንስራውን ካልነኩት ጠርቶ ይቀመጣል። ከነቀነቁት አተላው ይወጣል።

ንጋት ላይ መሆኑም ምክንያት አለው። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን ነገር) ቀን ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው።

አጎትህን ሦስት ነገር ጠይቅልኝ። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ሞቷል ወይ? የሞተው ትልልቁ ነው ወይስ ጫጩቱም? አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው ወይስ በየቦታው? አምባዛ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ይችላል። ኦክስጅን ሲጠፋ ቆሮሶ ይሞታል፣ እሱ ይተርፋል። መርዝ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትልቁን ሳይለይ አንድ አካባቢ ላይ ይጨርሳል።

የደሴው ልጅ
ደወልኩለት። አምባዛ አንድም አልሞተም። የሞተው ትልልቁ ቆሮሶ ነው፤ ከምዕራቡም ከምሥራቁም ዳር ታይቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ዓሣው ላዩ ላይ አፉን እየከፈተ ነበር አለኝ። «እኔማ የሚጫወት መስሎኝ» አለ።

መልስ፦ ላብራቶሪ ነዋሪ
መጫወት አይደለም፣ ታፍኖ ነው! ከእንግዲህ ያንን ካያችሁ መረቡን ጠለቅ አታድርጉት። ለጊዜው ጥልቀት በሌለው በኩል፣ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ በሚገባበት አቅጣጫ ጣሉት። የሚፈስ ውሃ አየር ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በነፃ መለካት ትችላላችሁ። ነጭ ሳህን በስቶ በገመድ ማሰር፣ ከሥሩ ድንጋይ ማንጠልጠል። ቀትር ላይ ከጀልባው ጥላ በኩል ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ከዓይን ሲጠፋ ገመዱን ውሃው ላይ በደረሰበት ቋጥሩ። በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ ድገሙት። ቋጠሮው በፍጥነት ወደ ሳህኑ እየቀረበ ከመጣ አልጌው እየበዛ ነው፤ ዓሣውን ለማፈን አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ይበቃል።

መልስ፦ ነጭ ጋዋን
ስለ መብላቱ ልመልስ። ሞቶ የተንሳፈፈ አይበላም፤ መቼ እንደሞተ አይታወቅማ። በሕይወት የተያዘ፣ ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) ቀይ የሆነ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ ዓሣ በደንብ በስሎ ይበላል። ሆድ ዕቃውና ጉበቱ ይጣል፤ የአልጌ መርዝ ካለ በብዛት የሚከማቸው እዚያ ነው። ጥሬውን ግን ለአሁኑ ተዉት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከብቱ ነው። ንፋስ ዳር ላይ የሰበሰበው ወፍራም አረንጓዴ ግግር ከብት ሊገድል ይችላል። ሌላ በኩል አጠጡ። ሰውም ያንን ውሃ አፍልቶ ቢጠጣው መርዙ አይጠፋም። በባዶ እግር ዳር ዳሩን መቆምም የበልሃርዚያ መንገድ ነው፤ ቦቲ ካለ ይደረግ።

መልስ፦ የወሎ ሽማግሌ
ልጆቼ፣ ቆሮሶ ራሱ ለዚህ ሐይቅ እንግዳ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት። ያኔ ውሃው ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ዓሣው አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ሲበላቸው ውሃው እየደፈረሰ መጣ ይላሉ ያጠኑት። ሐይቁ ደግሞ በወንዝ መውጫ የለውም። የታጠበ ልብስ ሳሙና፣ ከማሳ የወረደ ማዳበሪያ፣ ሁሉም ገብቶ ይቀራል። ጾም ሲደርስ ገበያው ሲጦፍ ዓይኑ ጠባብ መረብ ይዞ ዳር ዳሩን የሚያስሰውም አለ። ሴቷ ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ የምታሳድገው እዚያው ዳር ላይ ነው፤ ይሄን ለአጎትህ ንገረው።

የደሴው ልጅ
ጋሼ፣ ነግሬዋለሁ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ አብሬው ወጣሁ። ሳህኑ ክንድ ከስንዝር ሳይወርድ ጠፋ። መረቡን ወደ ወንዙ መግቢያ ጣልነው፤ ብዙ ባይሆንም የያዘው ሁሉ በሕይወት ነበር። ለወረዳው የዓሣ ባለሙያም ደውለናል፣ ሰኞ እመጣለሁ ብሏል። የቀረው ችግር የአክስቴ ነው። የበሳነው የእንግዳ ሳህኗን ነበር።