በማጂክ የካርድ ጨዋታ የውጊያ ጉዳት የሚመደበው መቼ ነው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔና ጓደኞቼ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን የምንጫወተው ካርዶቹን ከውጭ አገር ያመጣልን ዘመዳችን ከብዙ ዓመት በፊት በተማረው ደንብ ነው። ባለፈው እሑድ በአንድ ውጊያ ላይ ሳንስማማ ተለያየን። ጉልበቱ (የሚያደርሰው ጉዳት) 6፣ ጥንካሬው (የሚገድለው የጉዳት መጠን) 6 በሆነና ትራምፕል (ከከልካዮቹ የተረፈውን ጉዳት ወደ ተጋጣሚው የማሳለፍ ችሎታ) ባለው ፍጡር ሳጠቃ፣ ተጋጣሚዬ ጥንካሬያቸው 3 እና 2 በሆኑ ሁለት ፍጡሮች ከለከለኝ። ከዚያ ጥንካሬው 2 የሆነውን በሌላ ካርድ ኃይል ሠውቶ ከሜዳ አወጣና «ለእርሱ የተመደበው ጉዳት አብሮት ጠፍቷል» አለኝ። እውነት ይጠፋል? አጥቂውስ ከልካዮቹን በቅደም ተከተል መደርደር አለበት?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ አይጠፋም። ጉዳት የሚመደበው ከልካዮች በሚታወቁበት ደረጃ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ በሚመጣው የጉዳት ደረጃ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ለሌለ ፍጡር የሚመደብ ነገር የለም። ስለዚህ ለቀረው ከልካይ 3 መድበህ የተረፈውን 3 በተጋጣሚህ ሕይወት ላይ ታሳርፋለህ። ተጋጣሚህ የጠቀሰው ደንብ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፤ እስከ ሐምሌ 2001 ዓ.ም. ድረስ ጉዳቱ ከተመደበ በኋላ ከማረፉ በፊት ተጫዋቾች ካርድ የሚያወጡበት ፋታ ነበር፤ በዚያ ፋታ ለተሠዋ ፍጡር የተመደበው ጉዳት በከንቱ ይቀር ነበር። ዛሬ ጉዳቱ እንደተመደበ ወዲያውኑ፣ የሁሉም በአንድ ጊዜ ያርፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ፍጡርህ ትራምፕል ባይኖረው ኖሮ፣ ከልካዮቹ በሙሉ ከሜዳ ቢወጡ እንኳ አንዴ የተከለከለ እንደተከለከለ ስለሚቆይ ተጫዋቹን አይነካውም ነበር።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ስለ ድርደራው ልመልስ። ቀድሞ አጥቂው ከልካዮቹን ይደረድርና ለፊተኛው የሚገድል ጉዳት ሳይመድብ ወደ ኋለኛው ማለፍ አይችልም ነበር። ይህ ደንብ ፋውንዴሽንስ የተባለው የካርድ ስብስብ በወጣበት በኅዳር 2017 ዓ.ም. ቀርቷል። አሁን ጉልበቱ 4 የሆነ አጥቂ ጥንካሬያቸው 3 በሆኑ ሁለት ከልካዮች ቢያዝ፣ ለእያንዳንዳቸው 2 አካፍሎ፣ ከውጊያው በኋላ ለፍጡር ሁሉ 1 ጉዳት በሚያደርስ ካርድ ሁለቱንም መግደል ይችላል። በትራምፕል ጊዜ ግን አንዲት ጉዳት ወደ ተጫዋቹ ከማለፏ በፊት ለከልካዮቹ በሙሉ የሚገድላቸው መመደብ አለበት። እንደ እኔ አስተያየት ለውጡ ጨዋታውን ቢያቀልም ተከላካዩን ጎድቶታል፤ ቀድሞ ድርደራውን አይቶ የትኛውን ፍጡር ማዳን እንዳለበት ያውቅ ነበር፣ አሁን ግን አጥቂው ሐሳቡን የሚገልጠው ተከላካዩ የመከላከያ ካርዱን አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያው አጥቂ ከትራምፕል ጋር ዴዝታች ቢኖረውስ? ፈርስት ስትራይክስ ከዚህ ጋር እንዴት ይታያል?

መልስ፣ ከእንጅባራ

ዴዝታች ያለው ፍጡር የሚያደርሰው 1 ጉዳት እንኳ እንደሚገድል ስለሚቆጠር፣ ሁለቱም ከልካዮች ሜዳ ላይ ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው 1 መድበህ ቀሪውን 4 ለተጋጣሚህ ታሳልፋለህ። ፈርስት ስትራይክ ያለው ፍጡር በውጊያው ካለ የጉዳት ደረጃው ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ እርሱ በመጀመሪያው ይመታል፣ ሌሎቹ በሁለተኛው፣ ደብል ስትራይክ ያለው ደግሞ በሁለቱም። ለምሳሌ ጉልበቱ 3፣ ጥንካሬው 2 የሆነ ፈርስት ስትራይክ ያለው አጥቂ ጥንካሬው 3 በሆነ ከልካይ ቢያዝ፣ ከልካዩ መልሶ ሳይመታ ይሞታል። የከልካዩ ጉልበትና ጥንካሬ 4 ቢሆን ግን ምቱን ችሎ በሁለተኛው ደረጃ አጥቂውን ይገድለዋል። ያረፈበት 3 ጉዳት ደግሞ ተራው እስኪያልቅ አብሮት ስለሚቆይ፣ በዚያው ተራ 1 ጉዳት በሚያደርስ ካርድ ልትጨርሰው ትችላለህ። ክርክሩ እንደገና ቢነሳ፣ አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በነጻ ባወጣው ዝርዝር ደንብ ውስጥ ቁጥር 510ን ለጓደኞችህ አንብብላቸው።