ፓይተን ሰርቨር ላይ የትሬድ መቀያየሪያውን ጊዜ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ጎበዞች። ኮምቦልቻ ላለ የእህል መጋዘን የክምችት መቆጣጠሪያ በፍላስክ (የፓይተን ዌብ መሥሪያ) ሠርቻለሁ፤ ደሴና ወልድያ ያሉት ሱቆችም በሱ ነው የሚሸጡት። አፑን በሚያስኬደው ጉኒኮርን ሰርቨር ላይ በ1 ወርከር (ፕሮሰስ)ና በውስጡ ተራ በተራ በሚሠሩ 8 ትሬዶች ይሄዳል። ማሽኑ 2 ኮር፣ ፓይተን 3.11። ታዲያ አንዱ የወር ሪፖርት ሲያወጣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ፣ ትሬዶቹ በየስንቱ እንደሚቀያየሩ የሚወስነውን «ሴትቼክኢንተርቫልን ከፍ አድርግ» የሚል አገኘሁና ባስገባው ኤረር ይሰጠኛል። ምን ይሻላል?

ጦሳ፦
ወንድሜ፣ የጥንት ምክር ነው ያገኘኸው። ያ ፈንክሽን በ2011 ፓይተን 3.2 ሲወጣ ሥራ ፈታ፣ 3.9 ላይ ጭራሽ ጠፋ። ድሮ መቀያየሪያው ባይትኮድ (የፓይተን ትንንሽ ትእዛዞች) ተቆጥሮ ነበር፣ አሁን በጊዜ ነው። «ሴትስዊችኢንተርቫል» በለው፤ ካልነካኸው 0.005 ሰከንድ ነው። ወደ 0.02 ከፍ አድርገው፣ መቀያየሩ ሲቀንስ ይፈጥናል።

ቦሩሜዳ፦
ታሪኩ ልክ ነው፣ ምክሩ ግን ለዚህ ልጅ ጭራሽ ያባብስበታል። ጊል የሚባለውን ቁልፍ የያዘ አንድ ትሬድ ብቻ ነው የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው። ዳታቤዝ የሚጠብቅ ትሬድ ቁልፉን ራሱ ይለቃል። ሪፖርቱ ግን ሲደምር ሲያባዛ ስለሚውል፣ ሌላው 5 ሚሊሰከንድ ጠብቆ «ልቀቅ» እስኪለው ይዞት ይቆያል፤ ትንሿ ሪኩዌስት ደግሞ ከዳታቤዝ በተመለሰች ቁጥር እንደገና ትሰለፋለች። ወፍጮ ቤት ኩንታል ካስገባ ሰው ኋላ ቁና ይዞ መቆም በለው፤ ጦሳ የባለኩንታሉን ተራ አርዝም እያለህ ነው። ከፍ ማድረግ የሚያዋጣው ሁሉም ትሬድ ስሌት ላይ ሆኖ፣ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ነው። ወደ 0.001 ዝቅ ብታደርገው ትንሽ ይተነፍስ ይሆናል። ዋናው ግን ሪፖርቱን በሌላ ፕሮሰስ ማስኬድ ነው፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ጊል አለውና። ደሞ 2 ኮር እያለህ 1 ወርከር ምን የሚሉት ነው?

ሐይቅ፦
መጀመሪያ ፓይ-ስፓይ (ፕሮግራሙ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ የሚያሳይ መሣሪያ) ጫንና ጊሉን ማን እንደያዘው እይ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ከሆነና ራሱ ካልለቀቀ፣ ኢንተርቫሉን ምንም ብታደርገው አይሰማህም።

የኮምቦልቻው፦
አየሁት፣ ኤክሴል የሚጽፈው ክፍል ነው። ወርከሩን 1 ያደረግኩት ለራም ብዬ ነው፣ 1 ጊጋ ብቻ ነው ያለው።

ቦሩሜዳ፦
2 ወርከር አድርግና ፕሪሎድን አብራው። አፑ አንዴ ተጭኖ ስለሚፎረክ (ወርከሮቹ ከዚያው ተቀድተው ሜሞሪውን ስለሚጋሩ) ራሙ እንደፈራኸው እጥፍ አይሆንም። የዳታቤዝ ኮኔክሽኑን ግን ከፎርኩ በኋላ ክፈት። ሪፖርቱንም ማታ በክሮን (ሥራን በሰዓቱ ራሱ በሚያስጀምር ፕሮግራም) አውጣላቸው፤ የወር ሪፖርት ገበያ መሀል ምን ያስቸኩላል?