ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተቀጣጠለ ብርድ ልብስ፦ የእጅ ስፌቱን እንዴት ልጀምር?

የእጅ ስፌት የምታውቁ ሁሉ፣ እባካችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፉ ቁርጥራጮችን በስፌት መኪና ቀጣጥዬ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብርድ ልብስ ገጽ አውጥቻለሁ። ለእናቴ ነው፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነውና የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ከሥር አቡጀዲ ዘርግቼ፣ መሐል ላይ ተዳምጦ የተነደፈ ጥጥ አስተኝቼ፣ ሦስቱንም በረጃጅም ስፌት ወስውሻቸዋለሁ። የቀረው ንብርብሩን አጥብቆ የሚይዘው የእጅ ስፌት ነው፤ የቆምኩትም እዚያ ላይ ነው።

ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር መውጣት እንደሚሻል፣ አለበለዚያ ጨርቁ መሐል ላይ እንደሚያብጥ ገብቶኛል። የሚያስጨንቀኝ ጥጡ ነው። እንደ ፋብሪካው ንጣፍ እርስ በርሱ የተያያዘ ስላልሆነ፣ መስመሮቹ ከተራራቁ ሲታጠብ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በመስመሮቹ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ወይስ ይበልጥ ላቀራርባቸው?

መጋጠሚያውም አስቸግሮኛል። አራት ቁርጥራጮች በሚገናኙበት ቦታ፣ በተለይ ጅንስ ካለበት፣ መርፌው አልገባም ይላል። ገፋ ሳደርገው ከላይ ያለው ስፌት ያምራል፣ ከሥር ግን አቡጀዲውን ሳይነካ ያልፋል። ከመጋጠሚያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብዬ ብሰፋ ይይዛል? አጭር መርፌ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ የሞከራችሁት ንገሩኝ። ክሩን ሰም አስነክቼው መተብተቡ ቀንሷል። የጥልፍ መወጠሪያ ክብ እንጨት ለእንዲህ ያለ ወፍራም ነገር የተጠቀመ ሰው ካለም፣ ምን ያህል ጠበቅ ተደርጎ እንደሚወጠር ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።