ሉማሜ ላይ ቤት ኪራይ፦ የ1,200 ጭቃ ቤት ወይስ የ2,500 ብሎኬት?

ጥያቄ

እንዴት ሰነበታችሁ። ከመስከረም ጀምሮ ሉማሜ (አዋበል ወረዳ) ለማስተማር ተመድቤያለሁ። ከግብርና ከጡረታ በኋላ እጄ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር ገደማ ነው። ሁለት ቤት ተገኝቶልኛል። አንደኛው ባለቤቶቹ በሚኖሩበት ግቢ ያለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ሲሆን በወር 1,200 ነው። መብራትና ውኃ ከኪራዩ ጋር ነው፤ ግን «የኤሌክትሪክ ምጣድም ምድጃም አይቻልም» ተብያለሁ። ሁለተኛው ባለ ሁለት ክፍል ብሎኬት፣ 2,500 ብር። መብራቱን ከሌሎች ሁለት ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ እኩል መካፈል ነው፤ የ6 ወር ቅድሚያም ይፈልጋሉ። የትኛው ያዋጣኛል? የ6 ወሩንስ እንዴት ላስቀንስ?

የአባይ በር፦

እህቴ፣ ኪራዩን ከኪራይ ጋር ብቻ አታወዳድሪ። ምጣድ ካልተፈቀደ እንጀራ ግዢ ነው። በቀን 3 እንጀራ፣ አንዱ 20 ብር ቢሆን በወር 1,800 ብር ይወጣል። ከዚህ ላይ ራስሽ ብትጋግሪ የምታወጪውን የጤፍና የመብራት ዋጋ ቀንሺ፤ የቀረው በ1,200ው ላይ የሚደመር የተደበቀ ኪራይ ነው። ምድጃ ካልተቻለ ደግሞ ወጡ በከሰል ሊሆን ነው። በረንዳ ወይም ማድቤት መኖሩን እይ፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ይገድላል። የቤቱን እመቤት «በሳምንት አንድ ቀን በርስዎ ምጣድ ልጋግር፣ የመብራቱን እከፍላለሁ» ብትያቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ይህን ግን ከመግባትሽ በፊት ጨርሺው።

ማርቆስ ኤሌክትሪክ፦

ምጣድ የሚከለከለው ሁሌ በንፉግነት አይደለም። ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። ጭቃ ቤት ውስጥ የሚዘረጋው አብዛኛውን ጊዜ ለአምፖል የታሰበ ቀጭን 1.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦ ነው፣ ያውም በየቦታው የተቀጠለ። ቅጥሉ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ደግሞ እንጨትና ጭድ ነው። በግድ ከፈለግሽ ከቆጣሪው ተነስቶ ምጣዱ ድረስ የሚሄድ ሌላ መስመር ይዘርጋ፦ 4 ካሬ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ የመሬት ሽቦም አብሮ። በተራ ሶኬት ላይ ምጣድ አይሰካም፤ መጀመሪያ የሚጠቁረው ሶኬቱ ነው። ወጪውን አንቺ ችለሽ ከኪራይ የሚታሰብ ከሆነ ስንት ብር በስንት ወር እንደሚቀነስ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የብሎኬቱ ቤት ችግር ቆጣሪው ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ዋጋው ይወጣል። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ቢጠቀም ቆጣሪው 180 ይቆጥርና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ለየብቻ ቢሆኑ ሁለተኛውን ገና መጀመራቸው ነበር። በዚያ ላይ እኩል ስትካፈሉ አምፖልና ስልክ ብቻ ያለው ሰው ለባለ ምጣዱ ይከፍላል። መፍትሔው ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ነው። ወር ሲሞላ የሦስቱን ንባብ ደምሩ፣ ቢሉን በየድርሻው አካፍሉ። በገባሽበት ቀን የዋናውን ቆጣሪ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ የመጨረሻውን ቢልም አሳዩኝ በይ። የድሮ ተከራይ ውዝፍ እንዳይመጣብሽ።

አናጢው፦

ጭቃ ቤትን በነሐሴ ማየት ጥሩ ነው፣ ዝናቡ ሁሉን ያሳይሻል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ልስን በእጅሽ ዳብሺ። ከረጠበ ወይም ከተፈረፈረ የጣሪያው ጠርዝ አጭር ነው፣ ወይም ከላይ በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ የለም። ግድግዳው ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ወደ ላይ ከወጣ ምስጥ ነው፤ የባሕር ዛፉን ምሰሶ ግርጌ በቁልፍ ወጋ አድርጊው፣ ከገባ ተዪው። ቀን ላይ በሩን ዘግተሽ ቆርቆሮውን እይ፤ ብርሃን የሚያሳይ የምስማር ቀዳዳ ሁሉ ያፈስሳል። ወለሉ አፈር ከሆነ ቁንጫ አለ፤ ሊሾ ባይሆን እንኳ ፕላስቲክ ምንጣፍ አስቢ። ብሎኬት ስለሆነም አትተማመኚ፣ ከውጭ ካልተለሰነ ዝናብ በሚመታው ወገን ውኃ ይጠጣል። ሽንት ቤቱን ስንት ቤት ይጠቀምበታል? ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውኃ ይሞላ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቂ፣ ባለቤቱን አይደለም።

ውኃም እንደዚያው፦ «ውኃ አለ» ማለት ቧንቧ አለ ማለት ነው። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂ፤ በፈረቃ ከሆነ ቢያንስ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልግሻል።

ውል አዋቂ፦

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። የሚሠራው ግን በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ሉማሜ ተካትታ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ከተካተተች የ6 ወሩ ክርክር በዚያው ያልቃል።

ካልተካተተችም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ የደነገገው አለ፤ ስለዚህ የጽሑፍ ውል አይቅር። በሁለት ቅጂ፣ በምስክር ፊት፤ ኪራዩ በአኃዝና በፊደል፤ መብራትና ውኃ በማን እንደሆነ፤ ምጣድ መፈቀዱ፤ ልቀቂ ለማለትም ለመልቀቅም የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ። በባንክ ስትልኪ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» ብለሽ ጻፊ። በእጅ ከሰጠሽ ያስፈርሙልሽ።

ገበያ ማዶ፦

ዋጋውን የሚወስነው የተማሪ ነገር ነው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሦስት ለአራት ሆነው ስንቃቸውን ይዘው አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ ምዝገባ ሲጀመር ቤት ይጠፋል፣ ሰኔ ላይ ሲሄዱ ባዶ ይሆናል። ባለቤቱ ከተማሪ የሚያገኘው የ10 ወር ኪራይ ነው። አንቺ የ12 ወር ተከራይ ነሽና በዚህ ተከራከሪ፦ 2,500 በ10 ሲባዛ 25,000፣ ለ12 ሲካፈል 2,083 ብር ይወጣል። «በ2,100 ዓመቱን ሙሉ እይዘዋለሁ፣ የ3 ወር ቅድሚያ እከፍላለሁ» በያቸው። 6 ወር ማለት 15,000 ብር ነው፣ ከደመወዝሽ አንድ ወር ከሃያ ሁለት ቀን ገደማ ሙሉውን ይበላል። ቤቱ ባይስማማሽ ማን ይመልስልሻል?

ለማርቆስ ኤሌክትሪክ፦ ትንሽ ቆጣሪው መልካም ነው፤ ግን አከራዩ «ግቢዬን አታስቆፍሩኝ» ካለ ነገሩ ይጓተታል። ባለ ምጣዱ ሁለት ድርሻ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ እንዲከፍሉ መስማማት በአንድ ምሽት ያልቃል።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልን። ብሎኬቱን ከአንዲት መምህርት ጋር ብንጋራስ?

ውል አዋቂ፦

ሁለታችሁም ውሉ ላይ ፈርሙ። አንዷ ብቻ ከፈረመች ዝውውር ሲመጣ ሌላዋ ውል የሌላት ሆና ትቀራለች። «አንዷ ከለቀቀች የቀረችው በሌላ ተከራይ መተካት ትችላለች» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ቅድሚያውን ማን ስንት እንዳዋጣ እናንተ ለእናንተ በወረቀት ያዙት፤ አከራዩን አይመለከተውም።