ክርክር፦ ለኮንሴፕት አርትና ለስቶሪቦርድ የሚያበቃው የትኛው ዲፓርትመንት ነው?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነው። እዚሁ ጎንደር እጃቸው ለሥዕል የተፈታ ልጆች ለጌምና ለአኒሜሽን ኮንሴፕት አርት (የገጸ ባሕርይና የሥፍራ መነሻ ንድፍ) ወይም ስቶሪቦርድ (ትዕይንቱ አስቀድሞ በተከታታይ ሥዕሎች የሚነደፍበት) መሥራት ይፈልጋሉ። ወላጅ ደግሞ «ዲፓርትመንቱን ንገሩንና እንወስን» ይላል። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ከሥዕል ዲፓርትመንት የተሻለ መንገድ የለም» የሚል ነው። ስድብ አይፈቀድም፤ የድምፅ መልእክትም አትላኩ፣ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ።

ቀለም በጥበጥ፦ ደጋፊ ነኝ። ሁለቱም ሙያ የሚጀምረው ከእጅና ከዓይን ነው። አዲስ አበባ ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለሥዕል ተማሪ የሚሰጠው ይኸንኑ ነው፤ ሰው አስቀምጦ መሳል፣ ብርሃንና ጥላ፣ ኮምፖዚሽን። ሶፍትዌር በጥቂት ወር ይለመዳል። የሰው ክብደት በየትኛው እግሩ እንዳረፈ ማየት ግን ዓመታት ይፈጃል። በየቀኑ የ30 ሰከንድ፣ የ1 ደቂቃና የ2 ደቂቃ ጀስቸር (የሰው አቋም ፈጣን ንድፍ) ያልሳለ ልጅ፣ የፈለገውን ፕሮግራም ቢከፍት የሚወጣው አሻንጉሊት ነው።

ካሬ ሜዳ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እቃወማለሁ። ኮንሴፕት አርት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል አይደለም፤ 3ዲ (በኮምፒውተር ከየአቅጣጫው የሚታይ ቅርጽ) የሚሠራው ሰው መልሶ ሳይጠይቅ እንዲሠራበት የሚሰጠው መመሪያ ነው። «የ17ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ መንግሥት ዘበኛ ንደፍ» ተባለ እንበል። መጀመሪያ በጥቁር ብቻ 20 ያህል ሲልዌት (የውጭ ቅርጽ ብቻ) ይወጣል፣ ከነሱ 3 ይመረጣሉ፣ ከ3ቱ አንዱ ይጸድቃል። ከዚያ ፊቱ፣ ጎኑና ጀርባው በአንድ ገጽ ላይ በእኩል ቁመት ይቀመጣሉ፤ ቀበቶው ከቀበቶው፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ ጋር በአግድም መስመር መግጠም አለበት። ጎራዴው ደግሞ ለብቻው ተለቅ ተደርጎ ይነደፋል፤ አፎቱ በምን ጠፍር እንደሚታሰር፣ ሰውየው ሲቀመጥ ወዴት እንደሚዞር፣ የቱ ቆዳ የቱ ብረት እንደሆነ ይጻፍበታል።

የሥዕል ተማሪ ይዞ የሚመጣው አንድ ያማረ፣ ሙሉ ቀለም ያለው፣ ፊቱን ወደኛ ያዞረ ዘበኛ ነው። 3ዲውን የሚሠራው ሰው ጀርባውን ከየት ያምጣ? ይህን አስቦ መንደፍ የሚያስተምረው ኢንዱስትሪያል ዲዛይን (የዕቃዎች ንድፍ) ነው። እሱም እዚያው እርስዎ ባሉት ትምህርት ቤት ውስጥ አለ።

የጨጨላው፦ ሥፍራና ሕንፃ መንደፍ ለሚፈልግ አርክቴክቸርንም ጨምሩበት። ልጆቹን ፋሲል ግቢ ውሰዱና የቤተ መንግሥቱን ክብ ግንብ አስነድፏቸው። አብዛኛው ልጅ ጉልላቱ ሥር ያለውን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ያሰምረዋል፣ አለዚያ ከታች ካለው ጋር እኩል ያጎብጠዋል። ቀጥ ብሎ የሚታየው ከዓይናችን ከፍታ ጋር እኩል የሆነው ክብ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ላይ እየቀሰተ ይሄዳል። ይህ ሲሳት ግንቡ የሚወድቅ ይመስላል፤ ልጁ ግን ጥፋቱን ጥላው ላይ ይፈልጋል። አርክቴክቸር ተማሪው ይህን በመጀመሪያው ዓመት ይጨርሰዋል።

አቋራጭም አለ። ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ 4 ሲሊንደርና አንድ ሳጥን አቁሞ ካሜራውን በሰው ቁመት፣ 1.6 ሜትር ላይ አስቀምጦ በላዩ መሳል ነው። ፐርስፔክቲቭ (የርቀት አሳሳል) ለማይገባው ሰው ግን ብሌንደሩም አያድነውም፤ ካሜራው የተሳሳተ ቦታ መቆሙን አያይም።

ፍሬም በፍሬም፦ እስካሁን ሁላችሁም የተከራከራችሁት ስለ ኮንሴፕት አርት ነው። ስቶሪቦርድ ሌላ ሙያ ነው፣ ማማር ሳይሆን መግባባት ነው የሚጠየቀው። ጥምቀት ላይ፣ ፋሲል መዋኛ፣ ታናሽ ወንድሙ የጠፋበት ልጅ አለ በሉ። ፓነል 1 (የመጀመሪያው ሥዕል)፦ ከላይ በሩቁ፣ ገንዳውና ሕዝቡ፤ ልጁ ትንሽ ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ፓነል 2፦ ቀረብ ብለን ፊቱን። ፓነል 3፦ ወንድሙ ማዶ፣ ወደ ግራ እያየ። አሁን ለፓነል 4 ካሜራውን በሁለቱ መካከል በሐሳብ ከሚሰመረው መስመር ማዶ አሻግሩት። ልጁ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል፤ ተመልካች «ተመለሰ እንዴ?» ይላል። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ይኼ ነው፤ በዘይት ቀለም ክፍል ውስጥ ማንም አያነሳውም።

ከዚያ ጊዜው አለ። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስናስብ 2 ሰከንድ የሚቆይ ፓነል 48 ፍሬም ነው። ፓነሎቹ ከድምፅ ጋር ተደርድረው አኒማቲክ (የሙከራ ቪዲዮ) ካልሆኑ በስተቀር ትዕይንቱ መንዛዛቱ አይታወቅም። የጀማሪ ቦርድ ሁሌ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ ሁሉም ሰው ከደረት በላይ፣ ፍሬሙ መሃል፣ በአንድ ርቀት። ስለዚህ ለዚህ ሙያ የኔ ምርጫ አኒሜሽን፣ ከሌለ የፊልም ዝግጅት ነው። የሰው ሥዕሉ በጎን ይቀጥል።

ቀለም በጥበጥ፦ ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳው ላይ ያለው ምንድነው ታዲያ? ከዳር እስከ ዳር ታሪክ በሥዕል አይደለም?

ፍሬም በፍሬም፦ ነው እንጂ ጋሼ። ግን ግድግዳ ላይ ዓይን በፈለገው ቅደም ተከተል ይሄዳል፣ የፈለገውን ያህልም ይቆማል። ቦርድ ላይ ሁለቱንም የሚወስነው ሠሪው ነው። አንድ ነገር ግን እቀበልዎታለሁ። ክፉው በጎን ባንድ ዓይን፣ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ፊደል የማያውቅም ሰው ገና ሲያይ ማን ምን እንደሆነ ይለያል። የቦርድ ተማሪ እዚያ ሄዶ መዋል ያለበት ለዚህ ነው።

የአዘዞዋ፦ ወላጆች የማይጠይቁትን ላንሳ። ውጭ የሚያስቡ ካሉ የዲፓርትመንቱ ስም ሥራ ፈቃድ ላይ ይመጣል። አሜሪካ በተማሪ ቪዛ የተመረቀ ሰው በሙያው የሚሠራበት 12 ወር ያገኛል። ትምህርቱ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዝርዝር ውስጥ ከተመዘገበ ደግሞ ተጨማሪ 24 ወር መጠየቅ ይችላል፤ ቀጣሪው ኢ-ቬሪፋይ (የሠራተኛ የሥራ ፈቃድ የሚረጋገጥበት የመንግሥት ሥርዓት) ውስጥ መኖር አለበት። አኒሜሽን በ10.0304 ኮድ (የትምህርት መስክ መለያ ቁጥር) ከተመዘገበ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ኢለስትሬሽን በ50.0410 ከሆነ አይደለም። አንድ ዓይነት ኮርስ ሁለት ትምህርት ቤት በሁለት ኮድ ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸም በፊት «የፕሮግራሙ ኮድ ስንት ነው?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው አርትሴንተር ኢንተርቴይንመንት ዲዛይን፣ ካልአርትስ ካራክተር አኒሜሽን ብለው ለብቻ ይሰጣሉ። የዓመቱ ክፍያ ግን በአሥር ሺዎች ዶላር ነው፤ ያለ ስኮላርሺፕ ቤት አያሸጥ።

ካሬ ሜዳ፦ ይኼኛው ነገር ወርቅ ነው። ግን ስሙን ብቻ አይቶ የሚመርጥም ይሳሳታል። «አኒሜሽን» ተብሎ 4 ዓመት ሙሉ 3ዲ ሪጊንግ (ለገጸ ባሕርይ የሚያንቀሳቅስ አጥንት መግጠም) የሚያስተምር ሞልቷል። የኮርሱን ዝርዝር አውጥቶ የሰው ሥዕል፣ ፐርስፔክቲቭና የስቶሪ ኮርስ ስንት ሴሚስተር እንዳላቸው መቁጠር ነው።

ስም የለኝም፦ ኤአይ ሁሉንም ሊሠራው ምን ያጨቃጭቃችኋል?

ካሬ ሜዳ፦ ወንድሜ፣ ዘበኛውን ከጀርባ አሠራውና ጠፍሩ ከፊተኛው ጋር ይገጥም እንደሆነ አይተህ ና።

የጨጨላው፦ ወደ ውጭ ለማይሄደው ልጅስ? የትም ዲፓርትመንት ቢመደብ ማታ ማታ የሚሠራበት መሣሪያ በነፃ አለ። የሥዕል ፕሮግራሙ ክሪታ ከስሪት 5.0 ጀምሮ የራሱ የስቶሪቦርድ ክፍል አለው፤ የብሌንደር መሳያ ግሪስ ፔንስልም አለ። ስክሪን የሌለው የሥዕል ታብሌት ይበቃል። መብራት ስለሚሄድ የክሪታን አውቶሴቭ (ፋይሉን በራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ) ወደ 5 ደቂቃ አውርዱት፤ ፋይሉንም በየደረጃው በአዲስ ቁጥር አስቀምጡ፣ ሲበላሽ የሚበላሸው የመጨረሻው ብቻ እንዲሆን።

ፍሬም በፍሬም፦ ቀጣሪው መጀመሪያ የሚከፍተው ፖርትፎሊዮውን ነው። ለቦርድ 2 ወይም 3 ትዕይንት፣ እያንዳንዱ ከ30 እስከ 60 ፓነል፤ አንዱ ድርጊት፣ አንዱ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚነጋገርበት ይሁን፤ ሁለተኛው ነው የሚከብደው። ለኮንሴፕት ከ12 እስከ 15 ገጽ፤ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉት ረቂቆችም ይግቡ፣ አሳቡ እንዴት እንደመጣ የሚታየው እነሱ ላይ ነው። ወረቀት ፎቶ ስታነሱ አምፖል ሥር አይሁን፣ ይቢጫል፤ ቀን በመስኮት አጠገብ አንሱት።

ቀለም በጥበጥ፦ ያላችሁት ሁሉ መልካም። ነገር ግን 60 ፓነል ሙሉ ሰው የሚሳልበትን እጅ ማን ሠራው? እኔ አሁንም ሥዕል ነው ባይ ነኝ፤ ኢንዱስትሪያል ዲዛይንን ለኮንሴፕቱ ብቻ እፈቅዳለሁ።

አወያይ፦ የጋሼ ድምፅ ተመዝግቧል። ድምፅ መስጫው በሁለት ተከፍሏል፣ ኮንሴፕት አርት ለብቻ፣ ስቶሪቦርድ ለብቻ። እሑድ ማታ ይዘጋል። የኮርስ ዝርዝር ያላችሁ በፒዲኤፍ ጫኑልን።